እጄ እየተንቀጠቀጠ በአንድ እጅ የሽጉጥ ውድድር ልግባ?

ጥያቄ፦ «የ47 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ግሪን ካርድ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሜሪላንድ ወዳለ ክለብ ወስዶኝ ቡልስአይ የሚሉትን በአንድ እጅ የሚተኮስ የሽጉጥ ውድድር አየሁ። በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ በሚደረገው ሊግ እንድገባ ጋብዘውኛል። በሁለት እጅ ስተኩስ ደህና ነኝ። በቀኝ እጄ ብቻ ስይዘው ግን ሽጉጡ አንድ ቦታ አይቆምልኝም፤ ጥይቶቼም ወደ ታች ግራ ይሄዳሉ። ዳምቤል እያነሳሁ ክንዴን ላጠንክርና በሚቀጥለው ዓመት ልግባ? .45 የሚባለውን ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ልግዛ? ከግጥሚያ በፊት ቡና ላቁም? ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ።»

ችግርዎ የእጅዎ መንቀጥቀጥ አይደለም። ችግርዎ ወደ ታች ግራ የሚሄደው ጥይት ነው። እሱ ደግሞ የክንድ ሳይሆን የጣት ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዳምቤል ቢያነሱ ክንድዎ ጠንክሮ፣ ጥይትዎ ግን እንደዛሬው ወደ ታች ግራ እየሄደ ይመጣሉ።

አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ክንዱን ዘርግቶ ይዞ ሳይወዛወዝ የሚቆም ሰው የለም። ሻምፒዮኖቹም ይወዛወዛሉ። ልዩነቱ የእነሱ መወዛወዝ ጠበብ ማለቱና እነሱ መጨነቅ መተዋቸው ነው። ከኋላ ሆነው ሲያዩዋቸው ሐውልት ይመስላሉ። በማነጣጠሪያቸው አጮልቀው ቢያዩ ግን ሌላ ጉድ ነው። አሜሪካዊው የቡልስአይ ተኳሽ ሄርሼል አንደርሰን በ1974 እ.ኤ.አ. በሙሉው ግጥሚያ ከ2,700 ነጥብ 2,680 አስመዘገበ፤ ለአሥርተ ዓመታት ያልተደፈረ ውጤት ነው። ያ ሰው እንኳ በ270 ጥይት 20 ነጥብ ጥሏል።

ሒሳቡን እንየው። የቤት ውስጥ ሊግ የሚተኮሰው በ50 ጫማ ነው፤ 15 ሜትር ገደማ። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎ እርስ በርስ እንደተስተካከሉ ሆነው ሽጉጡ በኢላማው ጥቁር ክብ ላይ ቢንሸራሸር፣ ጥይቱ እዚያው በሚንሸራሸርበት አካባቢ ያርፋል። ዘጠኝ ወይም ስምንት ያገኛሉ፤ ሰማይ አይደፋም። አሁን ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው ከኋላው አንጻር አንድ ሚሊሜትር ብቻ ያዘነብል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያቺ አንድ ሚሊሜትር ኢላማው ላይ ስትደርስ 10 ሴንቲ ሜትር ሆናለች። በ25 ያርድ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር። ይህችን አንድ ሚሊሜትር የሚያመጣት መወዛወዙ አይደለም። ጥይቱ ሊወጣ ሲል ቃታውን በችኮላ የሚመነጭቀው ጣት ነው።

የእርስዎ ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ሽጉጡ ይወዛወዛል። እርስዎ መሃል ላይ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሲያልፍ አእምሮዎ «አሁን!» ይላል። ያኔ አመልካች ጣት ብቻውን አይሳብም፤ አምስቱም ጣቶች ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው አብረው ይኮማተራሉ፣ አንጓውም ወደ ታች ይሰበራል። በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው የዚህ ውጤት ብዙ ጊዜ ታች ግራ ነው። ስለዚህ ማነጣጠሪያውን ወደ ቀኝ ላይ አዙረው ለማካካስ አይሞክሩ። ጣትዎ የተስተካከለ ዕለት ጥይቱ ሁሉ ላይ ቀኝ ይሆንብዎታል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ባልደረባዎ ካዝናውን ይሙላልዎ። ከደህናዎቹ ጥይቶች መካከል አንድ ሁለት የማይፈነዳ የማሠልጠኛ ጥይት ይቀላቅልበት፤ የትኛው ተራ ላይ እንዳለ ግን አይንገርዎ። ያቺ የማትፈነዳዋ ስትደርስ አፈሙዙ በራሱ ወደ መሬት ሲሰግድ ያዩታል። ሽጉጡ አልተኮሰም፤ ማን ገፋው ታዲያ? እኔ ይህን መጀመሪያ ሳየው በጣም አፈርኩ። ግን ያን ቀን የተማርኩትን ያህል በወር አልተማርኩም።

መድኃኒቱ ለመናገር ቀላል ነው። ሽጉጡ ጥቁሩ ውስጥ ይንሸራሸር፤ ይተዉት። እርስዎ ቃታውን ቀስ እያሉ፣ ሳያቋርጡ፣ ወደ ኋላ ቀጥ አድርገው መሳቡን ይቀጥሉ። መቼ እንደሚተኮስ በትክክል አይወስኑ። ሽጉጡ ከተረጋጋ በኋላ ስድስት ሰባት ሰከንድ አልፎ ካልተኮሰ ያውርዱት። ይተንፍሱ፣ እንደገና ያንሡ። ይህ ማውረድ የሚባለው ነገር በዚህ ስፖርት ከባዱ ጥበብ ነው። ሰው ክንዱ ደክሞ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ «በቃ ልገላገላት» ብሎ የሚለቃት ጥይት ናት አምስት ነጥብ የምታመጣው።

አቋምን በአጭሩ። ወደ ኢላማው ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ቀኝ ትከሻዎን ሰጥተው አገድም ይቁሙ። ግራ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ ወይም ቀበቶዎ ላይ ያሳርፉ። ዓይንዎን ጨፍነው ክንድዎን ያንሡ፣ ከዚያ ይግለጡ። ሽጉጡ ከኢላማው ግራ ወይም ቀኝ ከሆነ በክንድዎ አይጎትቱት። የኋላ እግርዎን ትንሽ ያንቀሳቅሱ። ክርንዎና አንጓዎ ይጠንክሩ፣ አውራ ጣትዎ ግን አይጫን። እጀታውን ሲይዙ ኃይሉ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፣ ከጎንና ከጎን አይደለም።

ዳምቤል ጎጂ አይደለም። ክንድ ሲደክም መወዛወዙ ስለሚሰፋ፣ ዘጠና ጥይት ለሚተኮስበት ረጅም ግጥሚያ ጽናት ያስፈልጋል። ነገር ግን ያንን ጽናት ባዶ ሽጉጥ ማንሳት ራሱ ይሰጥዎታል፣ ጣትዎንም አብሮ ያሠለጥናል። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ባዶ ሽጉጥ፣ ነጭ ግድግዳ። ግድግዳው ላይ ኢላማ አይለጥፉ። መሃሉን የሚያሳድድ ነገር ከሌለ ዓይንዎ ማነጣጠሪያው ላይ ይቆያል፤ ቃታው ሲወድቅ የፊት ማነጣጠሪያው ከተነቃነቀ ወዲያው ያዩታል። ጥይት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይኑር። ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጥ። አንዳንድ ባለ .22 (ትንሿን ጥይት የሚተኩሱ) ሽጉጦች ባዷቸውን ቃታ ሲሳብባቸው መርፌያቸው የጥይት መግቢያውን ጠርዝ እየመታ ይጎዳል፤ የሽጉጥዎን መመሪያ መጀመሪያ ያንብቡ።

ስለ ውድድሩ ራሱ አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ሰው ቡልስአይ የኦሎምፒክ ስፖርት ይመስለዋል። አይደለም፤ የአሜሪካኖች የራሳቸው ነው። አንድ እጅ የመጣው ከፈረሰኛው ዘመን ነው፦ ግራ እጅ ልጓም ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ሽጉጥ። ጉግስ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። በኦሎምፒክም ሽጉጥ በአንድ እጅ ይተኮሳል፤ ርቀቱ፣ ኢላማውና ደንቡ ግን ሌላ ነው።

ሙሉው ግጥሚያ ደጅ የሚደረግ ሲሆን 2,700 ነጥብ ይባላል። ሦስት ጊዜ 900 ነው፤ አንዱ በ.22፣ አንዱ ከዚያ ከፍ ባለ ሽጉጥ፣ አንዱ በ.45። እያንዳንዱ 900 ዘጠና ጥይት ነው። ዝግ ያለው ተኩስ በ50 ያርድ አሥር ጥይት በአሥር ደቂቃ ነው። በ25 ያርድ ደግሞ አምስት ጥይት በ20 ሰከንድ፣ ቀጥሎም አምስት ጥይት በአሥር ሰከንድ ይተኮሳል። በ1907 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኦሃዮው የካምፕ ፔሪ ውድድር የዚህ ስፖርት መዲና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእርስዎ የብርድ ወራት ሊግ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ብዙዎቹ በ.22 ብቻ፣ ሠላሳ ጥይት፣ ከ300 ነጥብ ነው የሚሄዱት፤ ኢላማውም ለአጭሩ ርቀት ተብሎ አንሷል። ከሥራ በኋላ ሄደው እራት ሳይበርድ ቤት ይገባሉ።

«አዋቂዎች መሃል ገብቼ ልዋረድ ነው» የሚለው ፍርሃት ከጥያቄዎ ይታየኛል። ተወዳዳሪዎች በደረጃ ይከፈላሉ። ከ85 በመቶ በታች የሚያመጣ ማርክስማን ይባላል፤ 85 ሲደርስ ሻርፕሹተር፣ 90 ሲደርስ ኤክስፐርት፣ 95 ሲደርስ ማስተር፣ 97 ሲደርስ ሃይ ማስተር። ስለዚህ ደረጃው በሚሠራበት ግጥሚያ ከጀማሪ ጋር ነው የሚወዳደሩት። ይህን ስፖርት የሚወዱት ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ደስታቸው ሌላ ነው። ከ300 ነጥብ 180 ይዘው ቢወጡ ማንም አይስቅም። ሰው ፊቱን የሚያጠቁረው በጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ነው።

እሱን ነገር ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። እሱ «ሙሉ» ሳይል ጥይት አይገባም። ተኩስ ቁም ሲል ካዝና ይወጣል፣ ስላይዱ (የሽጉጡ ተንሸራታች ክፍል) ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቀራል፣ ጥይት መግቢያው ውስጥ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ባንዲራ ይገባል፣ ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰው ኢላማ ሊቀይር ወደ ፊት ሄዶ ሳለ ሽጉጥዎን አይንኩ። ለማስተካከል፣ ለመጥረግ፣ ለማሳየት እንኳ አይንኩ። እጅዎን አጣጥፈው ራቅ ብለው ይቁሙ። ለዚህ ሁለተኛ ዕድል የማይሰጡ ክለቦች አሉ፤ ልክ ናቸው እላለሁ።

ጥይት ቢከሽፍብዎ ወይም ሽጉጡ ቢይዝብዎ አይደናገጡ። በፈጣኑ ተኩስ ላይ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ ነጻ እጅዎን ያንሡ። ደንቡ የሽጉጡን እንከን ይቀበላል፤ አምስቷን ጥይት እንደገና ይተኩሳሉ። ሌላው የጀማሪ መቅሰፍት የሰው ኢላማ መምታት ነው። እኔ የመጀመሪያ ግጥሚያዬ ላይ አምስቱንም ጥይት የጎረቤቴ ወረቀት ላይ ጨረስኩ። እሱ አሥር ቀዳዳ፣ እኔ ንጹሕ ወረቀት። ሰውየው ሊጣላኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀዳዳዎቹን አየና «ቢያንስ ጥሩ ተሰብስበዋል» አለኝ። የኢላማዎን ቁጥር በየተራው ያረጋግጡ። ነጥብ ሲቆጠር በሁለት ክበቦች መካከል ያለውን መስመር የነካ ጥይት ከሁለቱ ከፍ ያለውን ነጥብ ያገኛል፤ የእርስዎን ኢላማ የሚቆጥረው ግን ጎረቤትዎ ነው፣ እርስዎም የእሱን።

አሁን .45ን እናንሳ። አይግዙ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት። በአንድ እጅ ሲተኮስ ምቱ ጠንካራ ነው፣ ጥይቱ ኪስ ያራቁታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣትዎ ላይ ያለውን ችግር ያባብሰዋል። ምት የሚፈራ እጅ ከመተኮሱ በፊት ይሸማቀቃል፤ እርስዎ ደግሞ ገና በትንሹ እየተሸማቀቁ ነው። ቃታውም ይከብዳል፦ ደንቡ ለ.22 ቢያንስ ሁለት ፓውንድ ሲጠይቅ ለ.45 ሦስት ተኩል ይጠይቃል። .22 የሕፃን መሣሪያ ነው የሚልዎትን አይስሙ። ከ2,700ው አንድ ሦስተኛው በ.22 የሚገኝ ነጥብ ነው።

እሱንም ቢሆን ዛሬ አይግዙ። ለጀማሪ የሚያውሰው ክለብ ብዙ ነው፤ ይጠይቁ። ሦስት አራት ምሽት በተውሶ ተኩሰው እጀታው ከእጅዎ ጋር የሚስማማውን ይለዩ። ሩገር ማርክ 4 እና ብራውኒንግ ባክ ማርክ ዋጋቸው መካከለኛ ሆኖ ለዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 41 ያምራል፤ ይቆየዎት። ጥይቱ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ (መደበኛ ፍጥነት) የሚባለው ይሁን። ፈጣኑ ጥይት ድምፅና ወጪ ይጨምራል እንጂ ነጥብ አይጨምርም።

በ47 ዓመትዎ የፊት ማነጣጠሪያው መደብዘዝ ጀምሮ ይሆናል። ቡልስአይ ቀይ ነጥብ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ይፈቅዳል፤ ብዙው ተወዳዳሪም እሱን ነው የሚጠቀመው። ጥሩ ነው፣ ግን ይጠንቀቁ። ነጥቧ መወዛወዝዎን አንድ ሳታስቀር ታሳይዎታለች። ሰው ስትጨፍር ያያትና ሊያስቆማት ይታገላል፤ ታች ግራም ከዚያ ይመጣል። ብርሃኗን ቀነስ ያድርጉና ትጨፍር፤ እርስዎ ቃታውን ይሳቡ።

ቡና አያቁሙ። ዕድሜዎን ሙሉ የጠጡትን በግጥሚያ ቀን ቢያቋርጡ ራስ ምታት ይዞዎት ይሄዳል፤ ያ ከመንቀጥቀጥ ይብሳል። የለመዱትን ያህል፣ በለመዱት ሰዓት ይጠጡ። አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ለግጥሚያው ማግስት ቢያቆዩት ይበቃል። እጅ እንዲረጋ ብለው የልብ ወይም የደም ግፊት ክኒን ከሰው ተቀብለው እንዳይውጡ። ቤታ ብሎከር የሚባሉት በዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት የተከለከሉት ለዚሁ ሲባል ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ ልብ ላይ አደጋ ናቸው። አልኮል ጠጥቶ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) መግባትማ አይታሰብም።

ሕጉን ያላነሱት ግሪን ካርድ ስላለዎት ይሆናል። እውነት ነው፣ ቋሚ ነዋሪ ሌላ ክልከላ ከሌለበት ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ከሆነ በፌዴራል ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ሬንጅ ላይ ተከራይቶ መተኮስም መያዝ ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳይጠይቅ እጁን አያስገባ፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ቋሚ ነዋሪንም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። በትዳር ወይም በቤተሰብ ጥቃት የተፈረደበትም ይከለከላል።

ብዙ ያገሬ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። የፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሣሪያ እንዳይዝ ያግዳል። ማሪዋና በክፍለ ግዛቱ ሕጋዊ መሆኑ በዚህ በኩል አያድንም። ጫትስ? በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ በጥብቅ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጫት፣ እሑድ ሬንጅ የሚባል ነገር የለም። ሕጉ የማይፈቅድለት ሰው የአየር ሽጉጥ ውድድርን ያስብ። በአንድ እጅ፣ በአሥር ሜትር ይተኮሳል፤ በፌዴራል ሕግም በባሩድ እንደሚሠራው መሣሪያ አይቆጠርም። የክፍለ ግዛቱን ሕግ ግን ይይ።

ከአሌክሳንድሪያ ሜሪላንድ ሲሄዱ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ሁለቱም ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይሁኑ። ቀጥታ ወደ ክለቡ፣ ቀጥታ ወደ ቤት። በተለይ ሽጉጥ ይዘው «ዲሲ ገባ ብዬ ጥብስ ልብላ» አይበሉ። ያልተመዘገበ ሽጉጥ ይዞ ዋሽንግተን ውስጥ መቆም ወንጀል ነው፤ በቀለበት መንገዱ ዞረው ይሂዱ። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ስላሉ ሽጉጡ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን ከሽጉጡ ቀድሞ ይገዛ። ሽጉጥ ቁም ሣጥን ላይ፣ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ የሚባለው ዘዴ ልጆች ዘንድ አይሠራም።

አንድ ሌላም ጣጣ አለ። ቤት ውስጥ የሚተኮስበት ሬንጅ አየሩም ወለሉም የእርሳስ ብናኝ አለበት። ለልጅና ለነፍሰ ጡር መርዝ ነው። እኛ ደግሞ የምንበላው በእጅ ነው። ከሬንጅ ሲወጡ እጅና ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ፣ ልብስዎን ለብቻው ይጠቡ። ከዚያ በፊት እንጀራ አይቁረሱ፣ ልጅም አያቅፉ።

ምክሬ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን ዘንድሮ ይግቡ፣ በተውሶ .22 ይግቡ። እስከዚያ ባሉት ሳምንታት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ግድግዳው ፊት ይቁሙ። ሽጉጥ ገና ከሌለዎት ክለቡን የመለማመጃ ምሽት ይጠይቁት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ነጥብ አይቁጠሩ። ዝግ ባለው ተኩስ ላይ አሥር ደቂቃ አለዎት፣ አሥር ጥይት። ስንት ጊዜ አንሥተው ሳይተኩሱ እንዳወረዱ ይቁጠሩ። ዜሮ ከሆነ እየገፉ ተኩሰዋል ማለት ነው። አራት አምስት ጊዜ ካወረዱ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤት ይምጡና ቀዳዳዎቹ ታች ግራ መሆናቸውን ትተው እንደሆነ ያኔ ይዩ።